እምቢታ በአንደኛ ማዕረግ

እንደኛ አገር ሰው እሺታን የሚፈራ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ውስጥ ሰው ቤት ገብተህ «ብላ» ስትባል፣ አንጀትህ ታጥፎ እንኳ ቢሆን «አሁን በልቼ መጣሁ» ትላለህ። ባለቤቱም መዋሸትህን ያውቃል። «በሞቴ» ይልሃል። «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትለዋለህ። «አፈር ስሆን!» ሲልህ ነው እጅህን የምትታጠበው። በመጀመሪያው «ብላ» ዘሎ መሶብ የከበበ ሰው «ሆዳም» እንደተባለ ይኖራል። አንድ የእስቴ ሰው አዲስ አበባ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ እንደ ወጉ «በልቼ መጣሁ» ቢል፣ ከተሜው ዘመዱ «እንግዲያው ደህና» ብሎ ገበታውን አነሳበትና ሰውየው ሦስት ቀን ጦሙን ሰነበተ ይባላል። እኔ አምናለሁ። እስቴ ለእናንተ ቀልድ ትመስላችኋለች እንጂ፣ አራተኛውም ቀን ቢሆን ሰውየው «ራበኝ» አይልም ነበር።

እንግዲህ ለአንድ ጉርሻ እንዲህ ከሆነ፣ ለሴት ልጅማ ምን ይባላል? ሽማግሌ ተልኮ በመጀመሪያ ቀን ልጁን የሰጠ አባት በእኛ አገር አልታየም። የመጀመሪያ ቀን «ልጄ ገና ናት፣ አልደረሰችም» ይባላል። በሁለተኛው «ከዘመድ ልማከርበት» ይባልና ቀጠሮ ይሰጣል። በሦስተኛው፣ ሽማግሎቹ ደጅ ቆመው ቆመው ጉልበታቸው ሲብረከረክ፣ «እንግዲህ እናንተን አሳፍሬ የት እገባለሁ» ተብሎ ይፈቀዳል። ይህን የማያውቅ አባት ቢኖር፣ ልጁ ወይ የሚጥል በሽታ አለባት፣ ወይ ነገር አለ። ይህ በእኛ ዘንድ ሕግ ነው። ጃንሆይ ካወጡትም ሕግ ይጸናል፤ የጃንሆይን ሕግ የሚተላለፍ ሰው በየጊዜው ይያዝ ነበር፣ ይህንን ግን የሚተላለፍ አልነበረማ!

እኔ በዚያን ጊዜ ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ወገዳ ላይ ጂኦግራፊ ማስተማር ማለት፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆችን «ባሕር ሰማያዊ ነው» ብሎ ማሳመን ነው። ሥራዬን እወደው ነበር። አንድ ቀን ግን ግራዝማች አስረስ በቅሏቸውን ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አሰሩና «መምህር፣ ና እስቲ» አሉኝ። ያን ጊዜ ታመምኩ ብል ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ግራዝማች አስረስ የስማዳ ባለጸጋ ነበሩ። ደሴ ላይ ሁለት የጭነት መኪና ነበሯቸው፤ ወገዳ መኪና የሚያስገባ መንገድ ስላልነበራት ግን መኪኖቻቸውን የሚያውቋቸው በፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉን ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ አድርገው ሰቅለውታል። ከልጆቻቸው አንዱ ዘለቀ የእኔ ተማሪ ነበር፤ ኋላ ህንድ አገር ሄዶ የእርሻ ትምህርት ይማራል። ያን ቀን ግራዝማች ያመጡት ደብዳቤ የእሱ ነው።

ደብዳቤው አጭር ነው። ማርያማ የምትባል ልጅ መውደዱን፣ ልጅቱ ክርስቲያን መሆኗን፣ አባቷ አቶ ቶማስ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር መሆናቸውን ይናገርና «ዘመዱን ላላየሁት ሰው ልጄን አልሰጥም ብለዋልና፣ አባቴ ሆይ፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ። እሷን ካጣሁ ወገዳ እንደማልመለስ ይወቁት» ብሎ ይዘጋል። ደነገጥኩ። ከወገዳ ደብረ ታቦር ሽማግሌ መላክ ሦስት ቀን በበቅሎ ነው። ህንድ ድረስ ሽማግሌ የሚላከው በምን አንጀት ነው?

ግራዝማች መጀመሪያ «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ብለው አኮረፉ። ሳምንት ሙሉ ከሰው አልተነጋገሩም። ያዳናቸው መሪጌታ ክንፉ ነው፤ የደብሩ መሪጌታ፣ ያላነበበው መጽሐፍ የሌለ፣ ያነበበውንም ሳይናገር የማያድር ሰው። «የእነዚያን ሰዎች አያቶች ያስተማራቸው ሐዋርያው ቶማስ ነው፤ ቅዳሴ አላቸው፣ ጳጳስ አላቸው» አለ። ግራዝማች ቀና ብለው «ይጦማሉ?» አሉ። «ይጦማሉ» አለ መሪጌታ። «ረቡዕና ዓርብን?» «ረቡዕና ዓርብን።» በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ረቡዕና ዓርብን ከሚጦም ሰው ጋር ለመጋባት ባሕር ምን ያደርጋል?

ሽማግሌዎቹ ተመረጡ። አፈ ጉባኤው ባላምባራስ ወርቁ ሆኑ፤ በስማዳ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልገላገሉት ድንበር የለም። ሁለተኛው መሪጌታ ክንፉ ነው፣ ሃይማኖታቸውን ያይ ዘንድ። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ለሽምግልና ሳይሆን ለእንግሊዝኛ። ባላምባራስ ይህንን ቀድመው በግልጽ ነገሩኝ። «አንተ አፍ ነህ፤ ያልነውን ትላለህ፣ ያሉንን ትላለህ፤ ከራስህ አንዲት ቃል ብትጨምር ግን እንጣላለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። በአገራችን በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ያልኩት ይኸው እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ ዕቅድ ወጣ። የትምህርት ቤቱን ካርታ ግራዝማች ግቢ አውድማ ላይ ዘረጋሁትና፣ ነፋስ እንዳያነሳው በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጫንበት። ግራዝማች ከእጃቸው ሽምብራ እየቆነጠሩ በየማደሪያው ላይ አስቀመጡ። አንዷን ደብረ ታቦር፣ አንዷን አዲስ አበባ፣ አንዷን አስመራ፣ አንዷን ካራቺ፣ አንዷን ቦምቤይ፣ አንዷን የልጅቱ አገር ኮቺን ላይ። «እሑድ መንገድ የለም» አሉ። «ማደሪያችሁ ላይ ደግሞ ለባለቤቱ እጅ መንሻ ይዛችሁ ግቡ።» ማደሪያው ሆቴል የሚባል፣ ባለቤቱም የማይታይ መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ጠየቁኝ፤ አሮፕላን ውስጥ ማዕረግ አለው ወይ? ሞኝ ነኝና «አለው፣ አንደኛ ማዕረግ የሚባል አለ፣ ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ምግቡም ልዩ ነው» አልኩ፣ በጋዜጣ ያየሁትን። «እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው። «ሽማግሌ በእግሩ ከሄደ ለማኝ ይመስላል፤ በበቅሎ ሲሄድ ነው ሽማግሌ የሚባለው። አንደኛው ይሁን!»

ይህ ገና ምንም አይደለም። ሽምብራውን ከኮቺን አንስተው ወደ ወገዳ መለሱት። እንደገና ወደ ኮቺን ወሰዱት። እንደገና መለሱት። እንደገና ወሰዱት። «መጀመሪያ ትሄዳላችሁ፣ እምቢ ትባላላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። ሁለተኛ ትሄዳላችሁ፣ ቀጠሮ ይሰጣችኋል፣ ትመለሳላችሁ። ሦስተኛ ትሄዳላችሁ፣ ትቀበላላችሁ» አሉኝ። ወይ አምላኬ! ካርታው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሦስት ሽማግሌ፣ ሦስት ደርሶ መልስ፣ በአንደኛ ማዕረግ፣ በሰማይ፣ እምቢ ለመባል! «ግራዝማች፣ ምናልባት በመጀመሪያው እሺ ቢሉስ?» ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ባላምባራስ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አስተማሪን ሽማግሌ ማድረግ እንዲህ ነው፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ።

ቲኬት ለመግዛት እኔ ቀድሜ አዲስ አበባ ወረድኩ። የአሮፕላን ቲኬት የሚሸጥበት ቢሮ ገብቼ፣ ለተቀመጠችው ወጣት ሴት ጉዳዬን ከአውድማው እስከ ሽምብራው ዘረዘርኩላት። ትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። «የስንት ጊዜ እምቢታ ነው የምትፈልጉት?» አለች፣ ስለ ሻንጣ እንደምትጠይቅ ሁሉ። «ሁለት» አልኳት። እስክሪብቶዋን አነሳች። ለካስ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ትልቅ ጥበብ አለው! በመንገድህ ባሉ ከተሞች ወርደህ፣ የፈለግከውን ያህል ቀን አርፈህ፣ በዚያው ቲኬት መቀጠል ትችላለህ። «ስለዚህ» አለች፣ «ለመጀመሪያው እምቢታ ቦምቤይ ተመልሳችሁ ስምንት ቀን ታርፋላችሁ። ለሁለተኛው እምቢታ ኮሎምቦ ስድስት ቀን ታርፋላችሁ። ከዚያ ለእሺታው ኮቺን ትመለሳላችሁ።» ሁሉንም በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ብልኅ ሰው አይቼ አላውቅም። ደብረ ታቦር ወርደው ወሬ ይጠባበቁ ለነበሩት ግራዝማች ቴሌግራም መታሁላቸው። «ከደጃቸው እስከራቃችሁ ድረስ ይሁን» ብለው መለሱ። እምቢታችን ቀን ተቆርጦለት፣ ወንበር ተይዞለት፣ ማደሪያ ተሰጥቶት ተዘጋጀ።

መንገዱን ሁሉ ብተርክላችሁ ገና አስመራ ሳንደርስ ይደክማችኋል። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። አሮፕላኑ ውስጥ ገባን፤ አስተናጋጇ እጅ ነስታ ከፊት፣ ከበሩ አጠገብ ባሉት ሰፋፊ ወንበሮች ላይ አስቀመጠችን። ባላምባራስ ወዲያው ተነሡ። ፊታቸው ጠቆረ። «በር ላይ?» አሉ። «እኔን ወርቁን በር ላይ?» በእኛ አገር ድግስ የክብር ቦታ ከበር የራቀው፣ ወደ ውስጥ ያለው ነው፤ በር አጠገብ የሚቀመጠው ሳይጠራ የመጣ ሰው ነው። ወደ ኋላ ሲያዩ ደግሞ ሰው ሁሉ እያለፋቸው ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ይገባል! ሕፃን ያዘለች ሴት እንኳ ከሳቸው ውስጥ ተቀመጠች። ባላምባራስ በርኖሳቸውን ሰብስበው ሄዱና ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን፣ በሁለት ነጋዴዎች መካከል ተጣበው ተቀመጡ። ብንለምን፣ ቢለመኑ፣ አስተናጋጇ ብትለማመጥ፣ እምቢ አሉ። እስከ ቦምቤይ ድረስ በአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ጉልበታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ ክብራቸው ተጠብቆ ተጓዙ። እኔና መሪጌታ ከፊት ሆነን በሐፍረት በላን።

ኮቺን ዘለቀ ተቀበለን። ልጁ ከስቷል፤ አንገቱ እንደ ጥጃ ገመድ ቀጥኗል። ሁለቱን ሽማግሎች ጉልበታቸውን ሳመና እኔን ወደ ጎን ስቦ፣ «መምህር፣ ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ይህንን ቀን ነው፤ አደራዎን» አለኝ። አደራ አለኝ እኮ!

በማግሥቱ አቶ ቶማስ ቤት ሄድን። ሙቀቱ፣ ሙቀቱ ልበላችሁ? ባላምባራስ በርኖስ፣ መሪጌታ ካባ ደርበው፣ ላባቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይወርዳል። አቶ ቶማስ ነጭ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ጭምት ሽማግሌ ናቸው። ቄሳቸውን ጠርተዋል፤ ወንበር ደርድረዋል፤ የኮኮናት ውኃ በብርጭቆ ቀርቧል። «ተቀመጡ» አሉን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ባላምባራስ። እኔ ተረጎምኩ። «እንግዲያው ውኃ ጠጡ» አሉ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንጠጣም» አሉ ባላምባራስ። ተረጎምኩ። ከዚያ ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከአዳምና ከሔዋን ጀምረው፣ በይስሐቅና በርብቃ አልፈው፣ ዘለቀ ድረስ ወረዱና ልጅቱን ለመኑ። እንዲያ ያለ አማርኛ በእንግሊዝኛ አይወጣም። ግማሹን መንገድ ላይ ጣልኩት።

አቶ ቶማስ ሰሙ። ከወንበራቸው ተነሡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ የእናንተ ልጅ ናት። እሺ፣ በደስታ ሰጥቻለሁ» አሉ።

ባላምባራስ «ምን አለ?» አሉኝ። «እሺ አሉ።» «እሺ ማለት?» «እሺ ነዋ፣ ሰጥቻለሁ።» «ደህና አድርገህ ጠይቀው።» ጠየቅኳቸው። ሰውየው ከበፊቱ ይበልጥ ፈገግ ብለው «እሺ፣ እሺ!» አሉ። ሁለት እሺ! ባላምባራስ እንደ ተመታ ሰው ወደ ኋላ አሉ። መሪጌታ አማተበ።

ቀስ ብለው በአማርኛ ተማከሩ። «ልጅቱ አንድ ነገር አለባት» አሉ ባላምባራስ። «ዕውር ትሆን?» አለ መሪጌታ። ይህን ሲሉ ማርያማ ራሷ ከቤቱ መጋረጃ ጀርባ ወጥታ እጅ ነሳችን። ዓይኗ እንደ ኮከብ፣ ቁመናዋ እንደ ዘንባባ፤ አንካሳ አይደለች፣ ዲዳ አይደለች፣ ሁለንተናዋ ሙሉ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስደነገጣቸው። «ጤነኛ ናት!» አሉ ባላምባራስ በጭንቀት። «ጤነኛ ከሆነች ታዲያ ለምን ይሰጡናል?» ዘለቀ ከኋላችን ሆኖ «አባባ ባላምባራስ፣ በእግዜር፣ ተቀብለናል ይበሉ» እያለ ይማጠናል። ባላምባራስ ገሠጹት፤ ሙሽራ በሽማግሌ መካከል አይናገርም። ከዚያ ቀና ብለው እንደ ወጉ፣ «ሰምተናል። መክረን እንመለሳለን» አሉና እኔ ላይ አፈጠጡ፤ ተርጉም።

እዚህ ላይ እኔን ልትሰድቡኝ ትችላላችሁ፤ ስደቡኝ የምለው ቦታ ነው። ቃሉን ለውጬ «እናመሰግናለን፣ ተቀብለናል» ብል ማን ይሰማኝ ነበር? አንድም ሰው! ነገር ግን አፍ ነህ ተብያለሁ። ደግሞስ ቲኬቱ? የቦምቤይ ቲኬት ለማግሥቱ ተቆርጧል፤ ስምንት ቀን ለእምቢታ ተይዟል። ይህን ሁሉ ዕቅድ እሺታ ቢያበላሸው የማን ጥፋት ይሆናል? ስለዚህ ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ «ሰምተናል። አስበንበት እንመለሳለን።» የአቶ ቶማስ ፈገግታ በቀስታ ሲጠፋ አየሁ። ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ሄደ፣ ወደ ቄሱ ሄደ፣ ወደ መሬት ወረደ። ልጅቱን አይተው፣ መርምረው፣ «እናስብበት» ብለው የሚሄዱ ሰዎች! ውኃውን እንኳ ሳንጠጣ ወጣን።

ቦምቤይ ላይ ባላምባራስ ለግራዝማች ቴሌግራም አስመቱኝ፤ «ባንድ ጊዜ ሰጠ። ምን እናድርግ?» መልሱ መጣ፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር። በዕቅዱ ሂዱ።» ስምንቱን ቀን ጠረጠርን። ሆቴሉ መስኮት ላይ ተቀምጠን፣ ባሕሩን እያየን፣ እየጠረጠርን ሰነበትን። ባሕሩ ሰማያዊ አልነበረም፤ ቡናማ ነው። በተማሪዎቼ ፊት ስንት ዓመት እንደዋሸሁ ሳስብ እሱም ሌላ ድንጋጤ ሆነብኝ።

በስምንተኛው ቀን ተመለስን። ዛሬ ወንበር አልተደረደረም። ቄስ የለም፣ ውኃ የለም። አቶ ቶማስ በሩ ላይ ቆመው፣ ሳንናገር ተናገሩ። «ልጄ ገበያ የወጣች በግ አይደለችም፤ ዓይታችሁ፣ ጥርሷን ቆጥራችሁ፣ ጥላችሁ የምትሄዱ። አልሰጥም።» ባላምባራስ «ምን አለ?» አሉኝ። «እምቢ አሉ» አልኩ። «ተመስገን!» አሉ ባላምባራስ። እንደዚያ ቀን ፊታቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም። «እሰይ! ይህ ነው አባት! ሰው መሆኑን አሁን ገና አየሁ!» መሪጌታም «ስብሐት ለእግዚአብሔር» አለ። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው፣ ደጋግመው እጅ ነሱ፣ ሳቁላቸው፣ መረቋቸው። እስቲ በሰውየው ዓይን እዩት! «እሺ» ሲላቸው ፊታቸው ጠቁሮ የሄዱ ሰዎች፣ «እምቢ» ሲላቸው በደስታ ሰከሩ። አቶ ቶማስ በሩን በላያችን ዘጉት። ዘለቀ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ባላምባራስ ትከሻውን መታ መታ አደረጉና «አይዞህ፣ ነገሩ አሁን ገና መስመር ያዘ» አሉት።

ኮሎምቦ ላይ ስድስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ደፈርኩና «ባላምባራስ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ የእውነት እምቢ ነው ያሉት» አልኳቸው። «እምቢታ የእውነት ካልሆነ ምኑን እምቢታ ሆነ?» አሉኝ።

በሦስተኛው ጉዟችን በሩን የከፈተችው ማርያማ ናት። አቶ ቶማስ ወጥተዋል፤ ቢኖሩም አይወጡልንም ነበር። ልጅቱ አላለቀሰችም። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ ተናገረች። አባቷ ትናንት ለሌላ ቤት ቃል ሰጥተዋል፤ ሲንጋፖር ለሚሠራ ለአንድ ዘመዳቸው ልጅ። ቃላቸውን ደግሞ አያጥፉም። ባላምባራስ ይህን ቢሰሙ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለው ያደንቋቸው ነበር። እኔ ግን ልለምናት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። «አባቴ በአንድ ቀን እሺ ያለ መሰላችሁ? መጀመሪያ ስነግረው ሦስት ወር አላናገረኝም። ሁለተኛ ስነግረው ወደ አክስቴ ቤት ላከኝ። ሦስተኛ እናቴ ተንበርክካ ነው ሰው እንዲመጣ የፈቀደው። እምቢታውን ሁሉ እኔ ጨርሼላችሁ ነበር። የተረፈው እሺታ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ጥላችሁት ሄዳችሁ» አለችኝ።

ደንግጫለሁ ብዬ ብዙ ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። ያ ሁሉ ድንጋጤ አልነበረም። ድንጋጤ ይህ ነው። የበሩን መቃን ያዝኩ። ባላምባራስ ከኋላዬ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፤ አፍ ነኝና። እሳቸውም ቀስ ብለው በርኖሳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ያንን ሁሉ ሙቀት ችለው ያላወለቁትን። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ያለ ፈቃድ፣ ጉዳያቸው ሳይፈጸም፣ በር ላይ። መሪጌታ እንባውን በካባው ጫፍ ይጠርግ ነበር። ዘለቀ ከእኛ ጋር አልተመለሰም። አሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘን፤ የሽማግሎቹን ጉልበት ሳመ፤ እኔን ግን ሰላም ሳይለኝ ሄደ። እውነቱን ነው።

ደብረ ታቦር ግራዝማች ይጠብቁናል። ባላምባራስ ራሴን አመመኝ ብለው ገቡ፤ መሪጌታ ጸሎት አለብኝ አለ፤ ነገሩን መናገር ለእኔ ተረፈ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አንድም አልደበቅኩ። ግራዝማች ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ሰሙኝ። ስለ ልጃቸው ስነግራቸው ዓይናቸው ቀላ፤ «አልመለስ አለ?» ብለው ጠየቁኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጃቸውን እንዳጡት ገባቸው ብዬ፣ እኔም አብሬያቸው አንገቴን ደፋሁ።

ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ሰውዬ በሁለተኛው ጊዜ እንዴት ነበር ያለው? በአፉ የተናገረውን ንገረኝ» አሉ። «ልጄ ገበያ የወጣች በግ አይደለችም፣ አልሰጥም አሉ» አልኳቸው። ግራዝማች ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት። «ኩሩ ሰው!» አሉ። «አጥንት ያለው ሰው! እንዲህ ካለው ቤት ሳልጋባ አልሞትም። ስማ እስቲ መምህር፣ ሌላ ልጅ የለችውም?»

አለቻቸው፤ ዘለቀ በፎቶግራፍ አሳይቶኛል። የአሥራ ስምንት ዓመት፣ መልከ መልካም፣ ያውም ከማርያማ ይልቅ አባቷን የምትመስል።

«የለቻቸውም» አልኩ።